የቃጫው ጠጉር

በሆሳዕና ከተማ አንድ ዘመን «ጻድቁ» የሚል ስም ወጥቶልኝ ነበር። እኔ ከጽድቅ ጋር የተገናኘሁት በዚህ ቅጽል ስም በኩል ብቻ ነው። ገበያ ስወጣ ሴቶች ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ይስባሉ። ሥጋ ቤት ስገባ ሰውዬው ቢላውን እያፋጨ፣ «ለእርስዎ እንኳ ሽምብራ እንጂ ሥጋ የለንም» ይለኛል። ዛሬ ሽበቴ የእውነት ነጭ ሆኗል፣ ጥርሴም ሽምብራ ከማይቆረጥምበት ደረጃ ደርሷል። ያንን ስም የሚያስታውስ ሰው መንገድ ላይ ካገኘኝ ግን ጆሮዬ እስከ ሥሩ ይግላል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ የሆነ ነው። ገና አስተማሪ ሆኜ ከገጠር ወደ ከተማ መግባቴ ነበር። አንገቴ ረጅም፣ ጉንጬ ጎድጓዳ፣ ሳልጾም ጾመኛ የምመስል ሰው ነበርኩ። የተከራየሁት ከአንዲት ባልቴት ጓሮ ነው። ቤተሰቦቻቸው ከጉራጌ አገር የመጡ ናቸው፤ መንገድ ዳር ባለችው ሱቃቸው ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪትና ለገመድ የሚሆን የእንሰት ቃጫ ይሸጣሉ። ከእሳቸው በስተኋላ ግድግዳው ላይ የጻድቁ ሥዕል ተለጥፏል፦ ሰውነቱን ሁሉ ነጭ ጠጉር ያለበሰው፣ አንበሳና ነብር ከግራና ከቀኝ እንደ በግ የቆሙለት ሽማግሌ ባህታዊ። ደንበኛ «ላምባ» ሲላቸው እሳቸው መጀመሪያ ሥዕሉን ቀና ብለው ያያሉ፤ ከዚያ ነው ጠርሙሱን የሚያነሡት።

አንድ ልጅ ነበራቸው። ብሔራዊ ውትድርና ወስዶት ወደ ሰሜን ሄዷል፤ ወሬው ከጠፋ ከርሟል። ስለ እሱ ሲጠየቁ መልሳቸው አንድ ነው። «ለጻድቁ ሰጥቻቸዋለሁ። እሳቸው ያውቃሉ።»

እኔ ደግሞ ያደግሁት ሥዕል በሌለበት ቤት ነው። አባቴ በመንደራችን የወንጌል አማኞች ጉባኤ ሽማግሌ ናቸው። ያኔ ጸሎት ቤታችን ተዘግቶ፣ ቁልፉ የቀበሌው ሊቀመንበር ኪስ ውስጥ ነበር። እኛም መዝሙር የምንዘምረው ለቅሶ ቤት ብቻ ሆነ። ሰው ሲሞት ማዘናችን እውነት ነው፤ ግን መዝሙሩ እንዳይቀርብን ለቅሶ የምንናፍቅም ነበርን፤ እግዜር ይቅር ይበለን።

ታዲያ በሁዳዴ መግቢያ ላይ የአውራጃው ኪነት ቡድን ኃላፊ ትምህርት ቤት መጣና፣ አንገቴን እንደ ሰንጋ አስተውሎ አየኝ።

«አንተ ባህታዊ ትሆናለህ» አለኝ።

«ጓድ፣ እኔ ትወና አልችልም።»

«መተወን አያስፈልግህም፤ ዝም ብለህ ቁም።»

ቴአትሩ ከበላይ የተላከ ነው፤ በየአውራጃውና በየጦር ሰፈሩ የሚታይ። ታሪኩ አጭር ነው። ጠጉር የለበሰ ባህታዊ ከጫካ ወጥቶ ሕዝቡን «ጹሙ! ያላችሁን ስጡኝ! እኔ እህል ውኃ አላውቅም!» ይላል። መጨረሻ ላይ እጁን ወደ ጠጉሩ ውስጥ ሰዶ የዶሮ ቅልጥም ያወጣና ይግጣል። የነቃ ገበሬ ይይዘዋል፤ ሕዝቡ ይስቃል፤ መዝሙር፤ አለቀ። አንበሳና ነብር እንደሚያስፈልጉ ብጠቁም ኃላፊው፣ «አራዊቱ ይቅሩ፤ ባህታዊው ራሱ አውሬ ነው» አለኝ። እኔም ሳቅሁ። አለቃ ሲቀልድ የማይስቅ አስተማሪ ያኔ ከየት ይመጣል?

ልብሱን ራስህ ፈልግ ተባልኩ። የበግ ለምድ ይገማል። ሳስበው ሳስበው የሱቁ ቃጫ ትዝ አለኝ፤ ነጭ፣ ረጅም፣ ልክ እንደ ሥዕሉ። ሄጄ ጠየቅኋቸው።

«ቃጫ? ገመድ ልትፈትል ነው መምህር?»

«አይ፣ እትዬ። ቴአትር ልንሠራ ነው። እኔ … እሳቸውን መስዬ» አልኩና በጣቴ ሥዕሉን አሳየሁ።

ሴትዮዋ የያዙትን የጨው ስፍር አስቀመጡ። እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

«ጻድቁን? በመንግሥት አዳራሽ?»

«አዎ።»

«ራሳቸው መንግሥቶች አዘው?»

«አዎ፣ ታዝዞ ነው።»

ሁለቱም አዎ እውነት ነበር። እንዲህ ያለ እውነት ግን እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ነው፤ ሲያዩት ሙሉ፣ ሲቀዱበት የለም። እሳቸው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ልብ ሰጣቸው ማለት ነው! እኔማ ይኼን ቀን አያለሁ አላልኩም!» አሉና የመጨረሻውን ነዶ ቃጫ ከመደርደሪያ አወረዱት። ከፍዬ ልውሰድ ብል ተቆጡኝ። «አንተ ምን ታውቃለህ? የወንድ እጅ ገመድ ያደርገዋል። እኔ እሠራዋለሁ። ይኼን ጠጉር የማበጥረው ስለ ልጄ ነው። እሳቸውን አለብሳለሁ፣ እሳቸው ደግሞ ልጄን ያለብሱልኛል።»

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አላቆምኩም፤ ምክንያቱም ልብሱ ያስፈልገኝ ነበር። አያችሁ፣ እንዲህ ነው ሰው በቃጫ የሚታሠረው።

ቃጫውን አጥበው በፀሐይ አነጡት። ከሳጥናቸው የልጃቸውን የካኪ ሸሚዝ አወጡ፤ ሲወሰድ ጥሎት የሄደውን። እያንዳንዷን ጭብጥ ቃጫ በሚዶ እያበጠሩ በሸሚዙ ላይ ይሰፉ ጀመር። ከትምህርት ቤት ስመለስ ከሱቁ በራፍ ላይ ተቀምጬ ነዶውን እይዝላቸዋለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ያወሩልኛል። እኔ ቃል እንድሸመድድ የተሰጠኝ ወረቀት ኪሴ ውስጥ እያለ፣ ጆሮዬ የእሳቸውን ወሬ ይሸመድዳል።

«ሲወለዱ የእናታቸውን ጡት አልያዙም። ተመልከት! ሕፃን ሆነው! ከዚያ መልአክ ወስዷቸው በምድረ በዳ አደጉ። ልብስ የለ፣ ምንጣፍ የለ። እግዚአብሔር ራሱ ጠጉር አለበሳቸው።»

«አራዊቱስ አልበሏቸውም?»

«ምናቸውን ይበሏቸዋል? አጥንታቸውን? ደግሞስ አራዊት ሰው ይለያል። አንበሳውም ነብሩም ይከተሏቸው ነበር። ሲጸልዩ እነሱ ይጠብቃሉ፤ የእግራቸውን ትቢያ ይልሳሉ። ኋላ ወደ እኛ አገር መጡ። የሕዝቡን ኃጢአት ቢያዩ ባሕር ውስጥ ገቡና ተዘቅዝቀው፣ እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች፣ ‹ኢትዮጵያን ማርልኝ› ብለው መቶ ዓመት ለመኑ። ‹ምሬልሃለሁ ውጣ› ቢባሉ፣ ‹ሁሉንም ካልማርክ አልወጣም!› አሉ።»

«እልኸኛ ናቸው።»

«እንዴ! ለሰው ሲሆን ነዋ!» መርፌውን አቆሙ። «አንዴ ደግሞ አንዲት ወፍ በውኃ ጥም ልትሞት ሆነች። እሳቸው ዝም ብለው ቆመው ከዓይናቸው እንባ አጠጧት። ዓይኔ ይጠፋል አላሉም። ልጄ አሁን ያለበት አገር ደረቅ ነው ይሉኛል፤ ውኃ የለም ይሉኛል። እኔ ያቺን ወፍ አስባለሁ።»

ከዚያ በኋላ ቃጫውን አጥብቄ ያዝኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ?

አንድ ትእዛዝ ሰጥተውኛል፦ ይህንን የሚለብስ ሰው ይጾማል። እሺ አልኩ። ቅዳሜ ቀን ግን ወደ መንደር ወላጆቼን ልጠይቅ ወረድኩ። ሰኞ ስመለስ ጉሮሮዬ እየወዛ ሱቁ በራፍ ቆሜ ሪፖርት አቀረብኩ።

«እትዬ፣ ቃሌን ጠብቄያለሁ። እናቴ ሥጋ ብታቀርብ ገፋሁት። አታካና ብቻ ነው የበላሁት።»

አታካና የኛ የሐዲያ ሰዎች ትልቅ ምግብ ነው፤ ከእንሰት ቡላ የሚሠራ። እሳቸውም ያውቁታል።

«ቡላው ይሁን። ቅቤውስ?»

«ቅቤውማ … ከላይ ነው።»

«ወተቱስ?»

«እሱ ከውስጥ ነው።»

በእኛ ቤት ጾም ሲታወጅ ውኃም አይቀመስም፤ ሲፈታ ያለው ሁሉ ይበላል። በእሳቸው ቤት ቅቤና ወተት ከሥጋ ጋር አንድ ወገን መሆናቸውን ማን ነገረኝ? ሴትዮዋ መጀመሪያ አማተቡ። ቀጥሎ ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ በሳቅ ፈነዱ፤ እዚያ ቤት ከገባሁ ወዲህ ጥርሳቸውን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«ወይ ልጄ! እሳቸው የእናታቸውን ጡት እንኳ እምቢ አሉ፤ አንተ የላሟን ጠብተህ መጣህ!»

የቴአትሩ ቀን ደረሰ። ኃላፊው ከእንግዶች ምሳ ያስቀረውን የዶሮ ቅልጥም በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ከጠጉሩ ሥር የሸሚዙ የደረት ኪስ አለ፤ እዚያ ውስጥ ከተትኩት። ልብሱን በክፍሌ ምስማር ላይ ሰቅዬ ፊቴን ልታጠብ ወጣሁ። ስመለስ ሴትዮዋ ከክፍሌ ሲወጡ አገኘኋቸው። ሚዶ በእጃቸው ይዘዋል።

«ለመጨረሻ ጊዜ አበጠርኩት። ሂድ፣ እኔም ከማኅበሬ ሴቶች ጋር እመጣለሁ።»

«ይምጡ» አልኩ። አይምጡ የሚባልበትን ዘዴ መንገዱን በሙሉ እያሰብኩ አዳራሽ ደረስኩ።

አዳራሹ ሞልቷል። ከፊት የአውራጃው እንግዶች፣ ከእነሱ ኋላ የገበሬ ማኅበር ሰዎች፣ ከጎን በኩል ነጭ ነጠላ የለበሱ የማኅበር ሴቶች። እሳቸው መሀላቸው ናቸው። መድረክ ላይ ብቅ ስል ተነሡ። ሌሎቹም ተነሡ። እልል አሉ! ኃላፊው ከመጋረጃ ኋላ ሆኖ፣ «ምንድን ነው? ምን ሆነው ነው?» ይላል። እኔ በቃጫ ውስጥ እንደ ቡላ እየቀለጥኩ ነው። «ጹሙ!» ስል፣ «አሜን» ይሉኛል። «እህል ውኃ አላውቅም!» ስል ያለቅሳሉ። ማላገጥ አይቻልም፤ የሚላገጥበት ሰው የለማ፤ እኔ ብቻ ነኝ ያለሁት።

ያቺ ሰዓት መጣች። እጄን ወደ ጠጉሩ ሰደድኩ። የሴትዮዋን ዓይን አየሁ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ምን ነበረበት? መድረኩ ግን የዋንዛ ጣውላ ነው። አውጥቼ እጄን ከፍ አደረግሁ፤ ዓይኔን ጨፍኜ ወደ አፌ ወሰድኩት።

ቀጭ አለ። ሽምብራ ነው። የተቆላ ሽምብራ። ከጣቶቼ መሀል እየተንሸራተተ መድረኩ ላይ ይንጣጣል።

ገበሬ ሆኖ የሚጫወተው ሰው ከወደ አንጋጫ የመጣ ከምባታ ነው። አማርኛውን እንደ እኔው ከቤቱ ውጭ የተማረ፣ ቃሉን እንደ ማባዣ ሰንጠረዥ ቃል በቃል የያዘ። እኔ ዶሮ ላውጣ ሽምብራ፣ የእሱ ተራ ደርሷል። ዘሎ ገባና ክንዴን ይዞ ጮኸ፦

«ወገኖቼ! እዩ! ጾመኛ ነኝ እያለ ሥጋ ይበላል!»

ከመድረክ ጫፍ አንዲት ሽምብራ እየተንከባለለች ወርዳ የእንግዶቹ እግር ሥር ቆመች። ያን ጊዜ ከሴቶቹ መሀል ድምፅ ተሰማ።

«ሐሰት ነው!» ሴትዮዋ ቆመዋል። ጣታቸው በገበሬው ላይ ተቀስሯል። «አንተ ሰውዬ፣ እግዚአብሔርን ፍራ! ሽምብራ ነው! እኔ ራሴ ነኝ የቆላሁት!»

የሆነውን ሳቅ ልነግራችሁ አልችልም። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ እሱም አብሮ የሳቀ መሰለኝ። ገበሬው ግራ ገብቶት ቃሉን ደገመ፤ ሴትዮዋም ደገሙ። እኔ በዚያ መሀል የምፈራው ለራሴ አልነበረም፤ የዚያን ዘመን ሰው ያውቀዋል፣ በስብሰባ ላይ ተነሥቶ «ሐሰት ነው» ማለት ምን እንደሚያስከትል። ከእንግዶቹ ትልቁ ሰውዬ ዞር ብሎ አያቸው። ከዚያ ወደ ኃላፊያችን ዞረ። ከዚያ ማጨብጨብ ጀመረ።

«ሕዝብን ያሳተፈ ቴአትር እንዲህ ነው!» አለ። «ሴትዮዋ ጎበዝ ናት፤ ከየት አገኛችኋት?»

ኃላፊያችን ላቡን እየጠረገ፣ «ከ… ከቀበሌ ነው፣ ጓድ» አለ። በኋላ ዱራሜ ላይም እንዲሁ ይታይ ተባለና ሴትዮዋን በጭነት መኪና ሊወስዳቸው መጣ። «ሱቄን ለማን ትቼ? ደግሞስ እውነት በየአገሩ እየዞሩ የሚናገሩት ሆነ እንዴ? እዚያም የሚናገር አይጠፋም» ብለው መለሱት። ሌላ ሴት አስጠንተው ሞከሩት፤ ዱራሜ ላይ ማንም አልሳቀም፤ ቴአትሩም እዚያው ሞተ።

ያን ዕለት ማታ ግን ወደ ቤት የገባሁት በጓሮ በር ነው። እሳቸው እየጠበቁኝ ነበር። ድመቷ እግራቸው ሥር ተኝታ አጥንት ታላምጣለች።

«ልጄ» አሉኝ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ማኅበርተኞቻቸው እንዳይሰሙብኝ ይመስል። «ኪስህ ውስጥ ያለውን አገኘሁት። አልተቆጣሁም። ጾም ላልለመደው ይከብዳል፤ ሆድህ ቢብስ ሸሽገህ ልትቀምስ ነው። ዶሮዋን ለድመት ሰጥቼ ሽምብራ ጨመርኩልህ። እሳቸው ባይበሉም አንተ ሥጋ ለባሽ ነህ። ለማንም አልናገርም።»

ለማንም አልተናገሩም። እኔን በራሴ ረሀብ እንጂ በሌላ ነገር አልጠረጠሩኝም። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ብዬ ክፍሌ ገባሁ። ልብሱን ሳወልቅ ቃጫው አንገቴን በልቶት ቀልቷል።

ወሬው መንደር ደረሰና በሳምንቱ አባቴ በእግራቸው መጡ። የጻድቅ ሥዕል መስለህ ቆምክ ብለው እንደሚቆጡኝ ጠብቄ፣ ጥቅስ ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር። እሳቸው ግን አግዳሚው ላይ ተቀምጠው ዱላቸውን እያሽከረከሩ፣

«ቴአትሩ ለምን ነበር?» አሉኝ።

«ባህታዊ ላይ … ለማሾፍ።»

«የኛን ጸሎት ቤት ዘጉብን። አንተ ደግሞ የሌላውን ለማዘጋት ጠጉር ለበስክ?»

ያዘጋጀሁት ጥቅስ ለዚህ አይሆንም ነበር። አባቴ ሲወጡ በሱቁ በኩል አለፉ፤ ባርኔጣቸውን አንሥተው ለሴትዮዋ እጅ ነሡ። እሳቸውም «የተባረከ ልጅ ነው ያለዎት» አሏቸው። አባቴ ዞረው አዩኝ። ያ አስተያየት እስከ ዛሬ አልወረደልኝም።

በቀጣዩ ዓመት፣ ክረምቱ እንደ ወጣ፣ ልጁ መጣ። አንድ ክንዱ ቆስሎ አልታጠፍ ስላለው አሰናብተውታል። ቀጭን፣ ጥቁር፣ ዝምተኛ ሆኖ ነው የመጣው። እናቱ ሱቁን ዘግተው ጎረቤቱን ሁሉ ሲስሙ ዋሉ። ቀጥሎ በመጣው የጻድቁ ቀን ማኅበሩ በእሳቸው ቤት ሆነ። እኔ የወንጌል አማኝ ልጅ፣ ከቄሱ ቀጥሎ፣ ከልጁ ጎን በክብር ተቀመጥኩ። እምቢ ብል እጄን ይዘው አስቀመጡኝ። ያን ያህል ትልቅ ወንበር ላይ ያን ያህል ትንሽ ሆኜ አላውቅም።

ዳቦው ከተቆረሰ በኋላ ሴትዮዋ ከሳጥናቸው በነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ዘረጉት። የቃጫው ጠጉር ነው።

«ይኸው ልጄ፣ ያመጣህ ይህ ነው። መምህሩ ለበሰው፣ ጻድቁ ሰሙኝ።»

ልጁ በደህና እጁ ዳሰሰው። ገልበጥ አደረገና ከሥሩ ያለውን አየ።

«ይቺ የኔ ሸሚዝ አይደለችም እንዴ?»

«ያንተው ናት።»

ሰው የገዛ ኪሱን ሲያገኝ እጁ ሳያዘው ይገባል። ገባ። ሲወጣ በጣቶቹ መሀል አንዲት የተረሳች ሽምብራ ነበረች፤ ደርቃ ድንጋይ ሆናለች። ልጁ ሽምብራዋን አየ። ቃጫውን አየ። ከዚያ እኔን።

«እኛ ጋ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ከዚህ ኪስ የሚወጣው ዶሮ ነበር።»

በየጦር ሰፈሩ የሚታይ ቴአትር ነው ብለውን አልነበር?

«የምን ዶሮ?» አሉ እናትየው፣ የጠላውን ማንቆርቆሪያ እንደ ያዙ።

አሁን ነው የሚጠፋው፣ አልኩ። እኚህ ሴት አንድ ሁዳዴ ሙሉ ያበጠሩት፣ የልጃቸውን ሸሚዝ የሰፉበት፣ እንባ የጠጣችውን ወፍ እያሰቡ ያደሩበት ነገር በአንድ ቃል ሊፈርስ ነው። ልጁ ሽምብራዋን በጭብጡ ውስጥ ደበቃት።

«የወታደር ዶሮ ነዋ፣ እማዬ» አለ። «ተሰርቃ የመጣች። ተዪው።»

«ወይ እናንተ! በጾም እንዳይሆን ብቻ!» ብለው ወደ ቄሱ ዞሩ።

ልጁ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። «ሁዳዴ ላይ ነበር ያሳዩን። ከፊት ነበር የተቀመጥኩት። ከሁሉም በላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ።»

እሱ እዚያ ሲስቅ እናቱ እዚህ ያበጥሩ ነበር፤ እኔ ደግሞ ነዶውን ይዤላቸው። ቀና ብለን መተያየት አልቻልንም፤ ሁለታችንም አንገታችንን ደፋን። ሴትዮዋ ዞር ሲሉ እንደዚያ ሆነን አገኙን።

«ጎሽ! እንዲህ ነው ጸሎት!» አሉ። የቃጫውን ጠጉር አነሡና ግማሹን በልጃቸው፣ ግማሹን በእኔ ትከሻ ላይ ዘረጉት። አቤት ሲኮሰኩስ! ቄሱ ተነሥተው ጸሎቱን ጀመሩ። ቤቱ ሁሉ ጸጥ ባለበት ሰዓት ከጎኔ፣ ከቃጫው ሥር፣ የሆነ ነገር ቀጭ ሲል ሰማሁ።

«ማነው እሱ በጸሎት መሀል የሚቆረጥም?» አሉ እናትየው፤ ያዩት ግን እኔን ነበር።